ከአሥር ሰባት፦ መካከለኛ ጌም ላይ የሚሰጥ ፍርድ

ሜታክሪቲክ የሐያስያንን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን የሚያወጣ ድረ ገጽ ነው። እዚያ 65 ያገኘ ፊልም በአረንጓዴ ሳጥን ይቀመጣል፤ 65 ያገኘ ቪዲዮ ጌም ግን በቢጫ። ለፊልም አረንጓዴው ከ61 ይጀምራል፣ ለጌም ከ75። ፊልምን የሚያስመሰግነው ቁጥር ጌምን የሚያሳማው የጌም ገምጋሚዎች ነጥብ ሲሰጡ ከጥንቱ ከፍ አድርገው ስለሚሰጡ ነው። መሀሉ ከ50 ተነሥቶ ወደ 70 ሄዷል፤ ድረ ገጹም ቀለሙን ከዚያ ልማድ ጋር አስማማ።

የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ያ ቢጫ ሰፈር ነው፤ በፕሌስቴሽን፣ በኤክስቦክስና በኒንቴንዶ ወጥተው ከ50ዎቹ መጨረሻ እስከ 70ዎቹ አጋማሽ ያገኙ ጌሞች። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ድንቅ ሥራ ላይ አንድ ሐያሲ ቢሳሳት ጌሙ ራሱን ያስከብራል። ፈጽሞ የተበላሸ ጌም ላይ ደግሞ ብዙ ክርክር የለም። መሀል የወደቀው ጌም ግን ዕጣው በገምጋሚው እጅ ነው፦ ገዢ ማግኘቱም፣ ሁለተኛ ክፍል የሚሠራለት መሆኑም፣ አልፎ አልፎም የሠሪዎቹ እንጀራ። የጌም ሂስ ትልቁ ጉድለት የሚታየውም እዚህ ይመስለኛል። ጨርሶ የማይመሳሰሉ ጌሞችን በአንድ ቁጥር ሥር ይከትና ልዩነታቸውን ይሰውራል።

ሰባት እንዴት የመሀል ነጥብ እንደሆነ ለማወቅ ነጥብ የሚሰጡት ሰዎች ያደጉበትን ትምህርት ቤት ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ከ60 በታች ያመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ወድቋል፤ 70ዎቹ የ«ሲ» ክልል ናቸው፣ ማለትም ያለፈ ግን የማይመሰገን። የእንግሊዝኛው ዓለም ጌም ሂስ ይህን ሚዛን ሳይናገር ተቀብሎታል። 50 ማለፊያ ነው እየተባለ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ 6 ያገኘ ጌም ሲያይ «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ ጸሐፊው ግን «ባይገዙት ይሻላል» ማለቱ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ። ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኒንቴንዶ አንድ ጌም በመሣሪያቸው ላይ ከመሸጡ በፊት የቴክኒክ ፍተሻ ያደርጉለታል። ፍተሻው ጥበብን አይመዝንም፤ ግን ጨርሶ የማይከፈተውንና መሣሪያውን የሚያንቀውን አብዛኛውን ጊዜ ያስቀራል። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ አርታኢዎች ይመርጡታል፤ ማንም ስለማያውቀው ርካሽ ጌም ገጽ አያባክኑም። ስለዚህ ገምጋሚው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሥራ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ የተነፋ ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉት ቁጥሮች ሥራ ፈት የሚሆኑት በዚህ ነው። ይህ ባልከፋ ነበር፤ ችግሩ የቀረችው ጠባብ ቦታ የሁሉም መጨናነቂያ መሆኗ ነው።

ጃፓኖች ቀደም ብለው የተሻለ መላ አግኝተው ነበር። በ1986 የተመሠረተው ፋሚትሱ መጽሔት አንድን ጌም ለአራት ገምጋሚዎች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው ከአሥር ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከ40 ይሆናል። አርባውን ከአርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በ1998 የወጣው የኒንቴንዶው «ዘልዳ፦ ኦካሪና ኦቭ ታይም» ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን ከላይኛው ይልቅ የመሀሉ ነው፤ አራቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ስለሚታተሙ አንባቢው ሁሉም ሰባት ሰባት ያሉትን ጌም፣ ሁለቱ ዘጠኝ ሁለቱ አምስት ካሉት መለየት ይችላል። ድምሩ በሁለቱም 28 ነው። የመጀመሪያው ማንንም ያላስከፋ፣ ማንንም ያላስደሰተ ነው። ሁለተኛው አንዳንዱን ሰው አሳብዶ ሌላውን ያባረረ ነው።

በ2001 ሥራ የጀመረው ሜታክሪቲክ ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ሲጨምቀው ይህ ልዩነት ከፊት ገጽ ጠፋ። አማካዩ ተራ አማካይ እንኳ አይደለም፤ ለአንዳንድ ኅትመቶች የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ ለየትኞቹ ምን ያህል እንደሆነ ግን ይፋ አያደርግም። በዚያ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበው የሐያሲ ነጥብ በኋላ አይለወጥም። «ኖ ማንስ ስካይ» በ2016 ለፕሌስቴሽን 4 ሲወጣ ቃል የተገባለት ብዙ ነገር አልነበረበትምና 71 አገኘ። ሠሪዎቹ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲያድሱት ኖሩ፤ ዛሬ የሚጫወተው ሰው የሚያገኘው ያኔ ከተገመገመው እጅግ የሰፋ ጌም ነው። 71ዱ ግን አሁንም 71 ነው።

ቁጥሩ የአንባቢ መምሪያ ብቻ ሆኖ ቢቀር ጉዳቱ በተወሰነ ነበር። የከፋው የሒሳብ ሹሞች ሲይዙት ነው። የ«ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ሠሪ የሆነው ኦብሲዲያን በ2010 ከአሳታሚው ከቤቴስዳ ጋር የነበረው ውል የሽያጭ ድርሻ አልነበረውም፤ ጌሙ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ቢያመጣ ግን ጉርሻ ይከፈል ነበር። ያመጣው 84 ነው። ይህን በ2012 ለሕዝብ የተናገረው ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ነው። በዚያው ዓመት በፍርድ ቤት ክርክር የወጣ ሰነድ ደግሞ ጌም ሠሪው ቡንጂ ከአሳታሚው ከአክቲቪዥን ጋር ባደረገው ውል የሚሠራው ጌም ጌምራንኪንግስ በተባለው ሌላ ማሰባሰቢያ 90 ካመጣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጠው አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ያ ጌም፣ «ዴስቲኒ»፣ በ70ዎቹ አጋማሽ ቀረ። በማርች 2011 ደግሞ «ሆምፍሮንት» የተባለው የተኩስ ጌም በወጣበት ቀን ለብ ያሉ ግምገማዎች ሲደርሱ፣ የአሳታሚው የቲኤችኪው አክሲዮን በአንድ ቀን ከአምስት አንድ እጁን ያህል ዋጋ አጣ። አማካዩ 70 አካባቢ ነበር። ጌሙን የሠራው ካኦስ ስቱዲዮ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ቲኤችኪው ራሱ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ በዕዳ ወደቀ። ውድቀቱን ሁሉ በአንድ ጌም ነጥብ ማመካኘት ትክክል አይሆንም፤ ድርጅቱ ሌሎች ከባድ ኪሳራዎች ነበሩበት። ሆኖም «መካከለኛ» የሚለው ፍርድ ገበያ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ያ ቀን አሳይቷል።

ፍርዱ እንዲህ ገንዘብ ከሆነ ፈራጁን ለመጫን የሚፈልግ መምጣቱ አይቀርም። በኖቬምበር 2007 ጌምስፖት ላይ ይሠራ የነበረው ጄፍ ገርስትማን «ኬን ኤንድ ሊንች፦ ዴድ ሜን» ለተባለው ጌም 6.0 ሰጠ። ድረ ገጹ በዚያው ሰሞን በጌሙ ማስታወቂያ ተሸፍኖ ነበር፤ አሳታሚው ኢዶስ ነው። ገርስትማን ከሥራ ተባረረ። ምክንያቱን እንዳይናገር የሚከለክል ስምምነት ስለነበረበት ነገሩ ለዓመታት ሐሜት ሆኖ ቆየ፤ በ2012 እገዳው ሲነሣለት ግፊቱ ከማስታወቂያ ሰጪዎች ጋር የተያያዘ እንደነበረ በራሱ አንደበት አረጋገጠ። ልብ በሉ፣ 6.0 የጭካኔ ነጥብ አልነበረም። የሌሎች ሐያስያን አማካይም በ60ዎቹ አጋማሽ ነበር። ገምጋሚው ብዙሃኑ ያዩትን አይቶ በቅንነት ጻፈ፣ ሥራውን ግን አጣ። ይህን ታሪክ የሰማ ሌላ ገምጋሚ በ6 እና በ7 መካከል ሲያመነታ እጁ ወደየት እንደሚያዘነብል መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ያ ቢጫ ሳጥን ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

አንደኛው ዓይነት ያማረና ባዶ የሆነ ጌም ነው። ለዚህ «ዘ ኦርደር፦ 1886»ን ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። ሬዲ አት ዶን የተባለው ስቱዲዮ ለፕሌስቴሽን 4 ሠርቶት በ2015 ወጣ። የቪክቶሪያ ዘመን ለንደን፣ ጭጋግ፣ የነሐስ መሣሪያ፣ የልብስ ስፌቱ እንኳ የሚቆጠርበት ግራፊክስ። ያገኘው 63 ነው። መነጋገሪያ የሆነው አንድ ሰው ጌሙን በአምስት ሰዓት ገደማ ጨርሶ ሙሉውን በቪዲዮ ማሰራጨቱ ነበር፤ 60 ዶላር ለአምስት ሰዓት ይገባል ወይ የሚለው ክርክር ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ለእኔ ይህ ክርክር አላግባብ የተካሄደ ነው። የጌሙ ድካም ያለው ርዝመቱ ላይ ሳይሆን ተጫዋቹ ከምሰሶ ጀርባ ተደብቆ ከመተኮስና ስክሪኑ ያዘዘውን ቁልፍ ከመጫን የዘለለ ምርጫ የሌለው መሆኑ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ቢሆን ኖሮ አሥር ሰዓት የሚያሰለች ይሆን ነበር። ርዝመትን ቆጥሮ መፍረድ ለገምጋሚ ቀላል ነው፣ ሰዓት ማንም ይቆጥራልና። ከባዱ እጁ ጆይስቲክ ላይ ሆኖ አእምሮው ለምን እንደባዘነ ማስረዳት ነው።

ከዚህ ጋር በአንድ ሳጥን የተቀመጠውን «ጎድ ሃንድ»ን እንይ። በ2006 ለፕሌስቴሽን 2 የወጣ፣ በሺንጂ ሚካሚ የተመራ የክሎቨር ስቱዲዮ ሥራ ነው። መልኩ ድሃ ነው፤ ግድግዳዎቹ ባዶ፣ ካሜራው ከጀግናው ትከሻ ጀርባ አልንቀሳቀስም ብሎ የተተከለ። አይጂኤን የተባለው የጌም ድረ ገጽ 3.0 ሰጠው፤ ሌሎች አወድሰውት አማካዩ 73 ሆነ። የተናቀው ካሜራ ግን የጌሙ መሠረት ነበር። ተጫዋቹ ከኋላው ያለውን ስለማያይ ጠላቶቹን ሁልጊዜ ከፊቱ ለማድረግ መሬቱን ማንበብ አለበት። የቡጢውን ቅደም ተከተል ራሱ ያቀናብራል፤ ጌሙ ደግሞ ተጫዋቹ ሲበረታ እዚያው በፍልሚያው መሀል ይከብድበታል፣ ሲደክም ይቀልለታል። እዚህ ያለው ችግር የሙያ ነው፦ ገምጋሚው ሆን ተብሎ የተደረገን ነገር ከስሕተት ካልለየ ፍርዱ አይጸናም። ክሎቨር በዚያው ዓመት የሁሉንም ሐያስያን ምስጋና ያገኘውን «ኦካሚ»ን ለአሜሪካ ገበያ ማቅረቡን ስናስታውስ፣ «አቅም ያነሳቸው ሰዎች ሥራ ነው» ማለት አያስኬድም። ስቱዲዮው በ2007 ፈረሰ።

የዚህ መከፋፈል ጫፍ በ2010 የመጣው «ዴድሊ ፕሪሞኒሽን» ነው። የአይጂኤን የአሜሪካ ገምጋሚ 2 ከ10 ሰጠው፤ ዴስትራክቶይድ የተባለው ሌላ ድረ ገጽ 10 ከ10። ጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሐያስያንን እጅግ የከፋፈለ የአስፈሪ ጌም ብሎ መዘገበው። የኤክስቦክስ 360ው አማካይ 68 ነው። እስቲ ይህን ቁጥር አስቡት፤ 68 ብሎ የሚያምን ሰው ከሞላ ጎደል የለም። መኪናው ይጎተታል፣ ተኩሱ ደካማ ነው፣ ግራፊክሱ አሥር ዓመት ያረጀ ይመስላል። በሌላ በኩል ግሪንቬል የተባለችው ከተማ ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቀን ውሎ አላቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ የሚገቡበትን፣ ምሽት የሚቀመጡበትን ተከትሎ ማየት ይቻላል። መርማሪው ዮርክ ቡናው ላይ ፍንጭ የሚያነብ፣ ከማይታይ ወዳጁ ጋር ጮክ ብሎ የሚያወራ፣ ስኒ ማየትን ለሚያውቅ የእኛ ሰው የማያስደነግጥ ባሕርይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 20 ዶላር ብቻ ነበር። ይህንን ጌም በሁለቱም በኩል የገመገሙትን አከብራለሁ፤ አንዱ እጁ የተሰማውን ጻፈ፣ ሌላው ልቡ የያዘውን። አማካዩ ግን የማንንም ስሜት አይነግረንም።

በዚያው ዓመት የወጣው «ኒየር» ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል፤ ወደ ጊዜ። የዮኮ ታሮ ሥራ ነው፣ 67 እና 68 ነጥብ አገኘ። መጀመሪያ ሲጫወቱት አንድ አባት የታመመች ልጁን ለማዳን ጥላ የሚመስሉ ፍጡራንን የሚገድልበት፣ ዓሣ አጥማጅነትና መልእክት አድራሽነት የሚደጋገሙበት ጌም ነው። አንዴ ጨርሰው እንደገና ሲጀምሩት ግን ያ ጥላ ሁሉ ቋንቋ ይኖረዋል፤ ስትገድላቸው የነበሩት ምን እያሉ እንደነበር ትሰማለህ። የመጨረሻውን ፍጻሜ የሚመርጥ ተጫዋች ደግሞ ያስቀመጠው ጨዋታ ሁሉ ይጠፋበታል። እንግዲህ ጌም የሚገመገመው እንዴት እንደሆነ አስቡ። አሳታሚው ቅጂውን ከሽያጩ ቀን ጥቂት ቀናት ቀድሞ ይልካል፣ ግምገማው የሚወጣበትን ሰዓት ራሱ ይወስናል፣ ዘግይቶ የወጣ ጽሑፍ አንባቢ አያገኝም። ሰላሳ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በችኮላ አንድ ጊዜ ጨርሶ የጻፈ ሰው የታሪኩን አንድ ወገን ብቻ ሰምቷል። ጥፋቱ የገምጋሚው ብቻ አይደለም፤ ምሥጢሩን ለሁለተኛው ዙር የደበቀ ጌም ዋጋውን ያውቃል። ካቪያ የተባለው ሠሪ ስቱዲዮ በዚያው 2010 ሕልውናው አበቃ። ዮኮ ታሮ በ2017 ከፕላቲነምጌምስ ጋር ተከታዩን «ኒየር፦ አውቶማታ»ን ሠርቶ 88 አገኘ፤ ያኔ ብዙ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ የፊተኛውን ፈለገ።

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ የመሀል ነጥብ ጌም አለ፤ እግር ኳስ። በአዲስ አበባ ሰፈሮች በየፕሌስቴሽን ቤቱ ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ የሚፋለሙበት፣ በ2023 ስሙን ከ«ፊፋ» ወደ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» የቀየረው ተከታታይ፣ ባለፉት ዓመታት ከሐያስያን ያገኘው በብዛት በ70ዎቹ ውስጥ ነው። ቅሬታቸው ተመሳሳይ ነው፦ ከአምናው ብዙ አልተለወጠም፣ ተጫዋች ለመግዛት ገንዘብ ያስወጣል። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ተሸናፊ በሚነሣበት ክፍል ውስጥ ለሁለት ጆይስቲክ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ጌሙን ከአምናው ጋር አያወዳድረውም፤ ብዙ ጊዜ የአምናው ወይም የካች አምናው ራሱ ነው የሚጫወተው። ለእሱ መለኪያው ኳሱ ሲነካ ያለው ስሜትና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ብቻውን ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ በየዓመቱ አዲስ ቅጂ የሚደርሰው ገምጋሚ ይህን ሊያይ አይችልም። የአማርኛ ጌም ሂስ ቢኖረን ኖሮ መጀመሪያ ሊጽፈው የሚገባው ይህ ነበር፤ የውጪውን ነጥብ ተርጉሞ ማቅረብ ሳይሆን ጌም በእኛ ቤት እንዴት እንደሚኖር መመልከት።

ነጥቡ አንባቢውን ራሱንም ይቀርጸዋል። በ2010 ኢዳር የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ከሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ሙከራ ተሳታፊዎች አንድን ጌም ከመጫወታቸው በፊት ለከፊሎቹ ከፍተኛ፣ ለከፊሎቹ ዝቅተኛ ግምገማ አሳይቶ ነበር። ሁሉም የተጫወቱት አንድ ጌም ሲሆን ከፍተኛውን ያዩት 20 በመቶ ገደማ የበለጠ ነጥብ ሰጡት። መካከለኛ ጌም ላይ ይህ ተጽዕኖ ይብሳል ብዬ እገምታለሁ፤ ድንቁ ጌም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሐሳብህን ሊያስቀይርህ ይችላል፣ ቀስ እያለ የሚገለጠው ግን ትዕግሥትህን ይለምናል፣ 6 አይቶ የጀመረ ሰው ደግሞ ትዕግሥቱ አጭር ነው።

ቁጥሩን ስለመተው ብዙ ተሞክሯል። ዩሮጌመር የተባለው የጌም ድረ ገጽ በ2015 ከአሥር መስጠትን ትቶ «የግድ»፣ «የሚመከር»፣ «ይለፉት» ወደሚል ምልክት ሄደ፤ ብዙው ጌም ምንም ምልክት ሳይደረግበት ጽሑፉ ብቻ ይቀርብ ነበር። ሌላው ድረ ገጽ ፖሊጎን በ2018 ነጥብ መስጠት አቆመ። ዩሮጌመር በ2023 በአምስት ኮከብ ተመለሰ። መመለሱ አይገርመኝም። ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ፈጣን መልስ ይፈልጋል፣ ነጥብ የሌለው ጽሑፍም ከማሰባሰቢያው አማካይ ውጪ ይሆናል፤ ጠንቃቃው ድምፅ ሲወጣ አማካዩ ለቀሩት ይተዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ይጥፋ የሚሉትን አልደግፍም። የምጠይቀው 6 የሰጠ ሰው የትኛውን 6 እንደሰጠ በመጀመሪያው አንቀጽ እንዲነግረን ነው፦ ያማረውንና ባዶውን፣ ሻካራውንና ነፍስ ያለውን፣ ወይስ ገና ያልበሰለውን። ስንት ሰዓት እንደተጫወተ፣ የት እንደደረሰ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ገዢው በበኩሉ ከአማካዩ ይልቅ አንድ ከፍተኛና አንድ ዝቅተኛ ግምገማ አንሥቶ ሁለቱንም ቢያነብ፣ የሚያጣላቸው ነገር እሱን የሚያስጨንቀው መሆን አለመሆኑን በአሥር ደቂቃ ይረዳል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጌም ላይ ሲገጣጠም ያየሁት «ዴይስ ጎን» ላይ ነው። በሶኒ ሥር ያለው ቤንድ ስቱዲዮ ለፕሌስቴሽን 4 ሠርቶ በአፕሪል 2019 አወጣው፤ 71 አገኘ። ሲወጣ ብልሽት ነበረበት፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጓተታሉ፣ ተልእኮዎቹ ይደጋገማሉ፤ ሐያስያኑ ይህን ሲጽፉ አልዋሹም። ጌሙን ከሌሎች የዞምቢ ታሪኮች የሚለየው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍጡራን እንደ ጎርፍ ተጫዋቹ ላይ የሚለቀቁበት የመንጋ ፍልሚያ ነው፤ እሱም በብዛት የሚመጣው በኋለኛው ክፍል፣ ብዙ ሰዓት ለታገሠ ሰው ነው። ጆን ጋርቪን የተባለው የጌሙ የፈጠራ ኃላፊ በኋላ እንደተናገረው፣ እዚያ ቤት 70 ያመጣ ሰው በዚያ ኃላፊነት ብዙ አይቆይም። ብሉምበርግ በ2021 እንደዘገበው ስቱዲዮው ለሁለተኛው ክፍል ያቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም፤ የመጀመሪያው ትርፍ ቢያስገኝም ሥራው ረጅም ጊዜ መውሰዱና ሐያስያን መከፋፈላቸው ጎድቶታል። በጃንዋሪ 2025 ስቱዲዮው ሲሠራው የነበረው ሌላ ጌም ተሰረዘ። በዚያው ዓመት አፕሪል «ዴይስ ጎን» ታድሶ ለፕሌስቴሽን 5 ሲቀርብ፣ ገዢን ለመሳብ የተጨመረለት አዲስ የጨዋታ ዓይነት የመንጋው ፍልሚያ ነበር፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ የሚጀምር።